በአንቲጓ ጓቲማላ የአንድ ለአንድ ስፓኒሽ ትምህርት፦ የመጀመሪያው ሳምንት

አንቲጓ በተባለችው የጓቲማላ ከተማ ውስጥ ያሉት የስፓኒሽ ትምህርት ቤቶች ዋና መስሕብ አንድ መምህር ለአንድ ተማሪ መመደባቸው ነው። ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን 4 ሰዓት ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይሰጣል።

መጀመሪያ ደረጃ ለመለየት አጭር ጭውውት ይደረጋል። ሰዋስው በወረቀት ያጠና ሰው እዚህ ላይ ከፍ ያለ ደረጃ ይጠይቅና ይቸገራል። አፍ ካልተፈታ የግሥ ሠንጠረዥ መሸምደድ ብቻውን አያናግርም። ከ3ኛው የትምህርት ሰዓት በኋላ ደግሞ ጭንቅላት ይዝላል፤ ፋታ የሚሰጥ የክፍል ጓደኛ የለማ! ያኔ ደብተሩን ዘግቶ ከመምህሩ ጋር ገበያ መውጣት፣ የአቮካዶውን ዋጋ በኬትሳል (በአገሩ ገንዘብ) እየጠየቁ መከራከር ይሻላል። ጎበዝ መምህር ሳይነገረው ያደርገዋል። መምህሩ ራሱ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ግን በማግስቱ ማስቀየር ነው፤ ነውር የለውም። ክፍያውም በወር ሳይሆን በሳምንት ቢሆን የሚመረጠው ለዚሁ ነው።

ስፔን የታተመ መጽሐፍ የያዘ የ«ቮሶትሮስ»ን (የስፔኑን «እናንተ») እርባታ ይዝለለው። በጓቲማላ የዕለት ንግግር የሚሰማው ለአንድ ሰው «ኡስቴድ» (እርስዎ)፣ «ቮስ» እና «ቱ» (ሁለቱም አንተ ወይም አንቺ)፣ ለብዙ ሰው ደግሞ «ኡስቴዴስ» ነው።

ከቤተሰብ ጋር ማደር ለጆሮ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ቤቱ በውጭ ተማሪዎች ካልተሞላ። ከሞላ እራት ላይ እንግሊዝኛ ይነግሣል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ስንት ተማሪ እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል። እሑድ ምግብ ብዙ ጊዜ አይካተትም።