ዶት ኮም ዶት ኢቲ ይሻላል ወይስ ዶት ኮም?

ሰሞኑን ሱቅ የከፈተ ሰው ሁሉ የዌብሳይት አድራሻው ቅጥያ፣ ማለትም መጨረሻው (.com.et ወይስ .com)፣ የትኛው ይሁን ብሎ ይጠይቀኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ገዢያችሁ አገር ቤት ከሆነ ዶት ኮም ዶት ኢቲን ያዙ።

የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ንግድ ፈቃድ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል፣ ወረቀቱ ትንሽ ያሰለቻል። ግን ጥቅሙም እሱ ላይ ነው። ዶት ኮምን ማንም፣ የትም ሆኖ፣ በደቂቃ ይገዛዋል፤ ዶት ኮም ዶት ኢቲን ያየ ገዢ ግን ፈቃድ ያለው ነጋዴ መሆናችሁን ይረዳል። ክፍያው በብር መሆኑ ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ ፍለጋ በየዓመቱ ሰው ደጅ መጥናት ቀረ ማለት ነው። ጉግልም ኢቲን ሲያይ ገጹ ለኢትዮጵያ የታሰበ መሆኑን ይረዳል።

ድካሙ ስልክ ላይ ነው። አድራሻችሁን ስትነግሩ ሰው «ዶት ኮም» ላይ ሲደርስ መስማት ያቆማል። ኢቲዋን ይረሳታል። ኢሜል ሲልክላችሁም እንደዚያው ያደርጋል፣ ዋጋ ማቅረቢያ የጠየቀበት ደብዳቤ ዶት ኮሙን ለያዘው ለማታውቁት ሰው ይሄዳል ወይም ተመልሶ ይመጣል፣ እናንተ ደግሞ ገበያ የጠፋ ይመስላችኋል። ስለዚህ አቅም ካለ ዶት ኮሙንም ግዙና ወደ ዋናው ገጽ እንዲመራ አድርጉት።

ትልልቆቹን ተመልከቱ። ንግድ ባንክ በኢቲ ነው የሚጠቀመው፣ አየር መንገዳችን ግን በዶት ኮም፣ ምክንያቱም ትኬት የሚሸጠው ለዓለም ነው። ዋሽንግተን ሆናችሁ በርበሬና ሽሮ ለምትሸጡም ዶት ኮም ይበቃል።

ፊደሉ ስላማረ ብቻ የሌላ አገር ቅጥያ መያዝን ግን አልወደውም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ እዚያ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በኅብረቱ ቅጥያ በዶት ኢዩ የያዙት አድራሻ እ.ኤ.አ. በ2021 ታገደ፣ በ2022 ተሰረዘ። ነጻ ናቸው ተብለው ስንት ተማሪ የጀመረባቸው የቶከላው ደሴቶች ዶት ቲኬና የማሊ ዶት ኤምኤልም አላዛለቁም፤ ያድላቸው የነበረው ፍሪኖም የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ ምዝገባ አቆመ። ዶት አይኦ የሚባለው፣ የቴክኖሎጂ ልጆች የሚወዱት፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ብሪታንያ የያዘቻቸው የቻጎስ ደሴቶች ቅጥያ ነው። ብሪታንያ ደሴቶቹን ለሞሪሺየስ ለማስረከብ እ.ኤ.አ. በ2025 ስለፈረመች የወደፊት ዕጣው ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። ስማችሁን ታፔላና ካርቶን ላይ ካሳተማችሁ በኋላ እንዲህ ያለ ጣጣ ማን ይፈልጋል?

አንድ ነገር አደራ። የትኛውንም ብትመርጡ ምዝገባው በራሳችሁ ስምና በራሳችሁ ኢሜል ይሁን። የማውቀው አንድ የልብስ ሱቅ ዶሜኑን (የዌብሳይት አድራሻውን) ዌብሳይቱን የሠራው ልጅ በራሱ ስም አውጥቶት ነበር። ልጁ ውጭ ሄደ፣ የእድሳት ማስጠንቀቂያው ለእሱ ሲላክ ከረመ፣ ባለሱቋ የሰማችው ገጹ ከጠፋ በኋላ ነው። ዌብሳይት ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ለሠራላችሁ ሰው ደውሉና በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ።