ለባንክ ሠራተኞቹና ለአናጢያችን ምስጋና ከደብረ ማርቆስ

የእማማን ቤት ያደሱት የባንክ ሠራተኞች ስማችን አይጠራ ስላሉ የቅርንጫፉን ስም አልጽፍም። እማማ ግን «እኔ ጽሕፈት አላውቅም፣ አንቺ ተናገሪልኝ» ስላሉኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እማማ ጎረቤቴ ናቸው፤ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና የሐምሌን ብርድ የኖረበት ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት ጣሪያቸው ከሦስት ቦታ ያፈስ ስለነበር አልጋቸውን ከጥግ ጥግ ሲገፉ ከረሙ። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ሥራ በወንፈል ወይም በደቦ ነበር የሚያልቀው። ወንፈል ግን ጉልበትን በጉልበት መመለስ አለው፤ ደቦም ጠላና እንጀራ ይፈልጋል። እማማ «ሰው ጠርቼ በምን ላበላ?» እያሉ ችለው ኖሩ።

ሠራተኞቹ የመጡት በግንቦት ነው። የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ብዙ ጊዜ ሐምሌ ላይ ይጀመራል፤ ያኔ ደግሞ ጭቃ አይደርቅም፣ ጣሪያ ሲነሣም ዕቃው ይበሰብሳል። ይህን አስበው ቀድመው መምጣታቸው በጣም አስደስቶኛል። መጀመሪያ እሑድ ይመቸናል ብለው ነበር፤ እማማ በሰንበት አይሆንም ሲሉ አልተከራከሩም። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ማክሰኞ፣ ግማሹን ሐሙስ ለቀቀልን። ቆርቆሮውን ከደመወዛቸው አዋጥተው ገዙ፤ ምሳቸውንም ይዘው መጡ።

ሥራውን የመራው የሰፈራችን አናጢ ነው፤ የእጁን ዋጋ አልተቀበለም። ለግድግዳው የሚሆነውን ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር አስቦክቶ ከቀናት በፊት አቆይቶት ነበር። ጣሪያ ላይ «በጎድጓዳው አትምቱ፣ ውሃ የሚወርደው በዚያ ነው፤ ጉብታው ላይ ምቱ» እያለ አንድ በአንድ አሳያቸው። መስኮት ላይ ብር ስትቆጥር የማውቃት ልጅ የመጀመሪያውን ምስማር አጣመመችው። ነቅሎ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ፣ ሌላ ምስማር ሰጣት፤ እስኪመሽ ስትመታ ዋለች።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ሁለተኛው አመጣጣቸው ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰነጣጠቁ አይቀርም፤ እንዲያ ከተተወ ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ያፈርሰዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ደግመው መረጉት። እማማ ያን ዕለት ቡና አፍልተው፣ ቆሎ ቆልተው «እኔም ደቦ ወጣልኝ» አሉ። ስንቶቻችን እንባ እንደተናነቀን!

እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

ሠራተኞቻችሁን ለበጎ ሥራ ማሰማራት የምትፈልጉ መሥሪያ ቤቶች፣ እባካችሁ ከክረምቱ ቀድሙ፤ ባለቤቱንም መቼ እንደሚመቸው ጠይቁ። ባለሙያ ሳትይዙም ጣሪያ አትንኩ። አናጢያችን ለእንዲህ ያለ ሥራም ሆነ ለራሳችሁ ቤት የሚታመን ሰው ነው፤ ቆርቆሮ ሲያስገዛ ስስ የሆነውን አያስገዛም፣ የተረፈውን ምስማር እንኳ ቆጥሮ ያስረክባል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።