የኤስኤስኤልቪ የመጀመሪያ በረራ እንደ ማስወንጨፊያ አገልግሎት ሲመዘን

የህንድ የጠፈር ምርምር ድርጅት (ኢስሮ) ኤስኤስኤልቪ የተባለውን አነስተኛ ሮኬት ያቀረበው እስከ 500 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጭነት 500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በርካሽና ረጅም ወረፋ ሳያስጠብቅ የሚያደርስ አገልግሎት አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 2022 ህንድ ውስጥ ካለው የስሪሃሪኮታ ማስወንጨፊያ ጣቢያ ሲነሣ የተሸከመው መሬትን በኢንፍራሬድ ለመቃኘት የተሠራውን 135 ኪሎ ግራም የሚመዝን የሙከራ ሳተላይት ኢኦኤስ-02ንና 8 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነውን አዛዲሳትን ብቻ ስለነበር፣ ጭነቱ ከአቅሙ በታች ነበር።

በጠጣር ነዳጅ የሚሠሩት የሮኬቱ ሦስት ደረጃዎች (ነዳጃቸውን ሲጨርሱ የሚላቀቁት ክፍሎች) ተራቸውን ጠብቀው በአግባቡ ነደዋል፤ በዚህ በኩል ነቀፌታ የለኝም። ችግሩ የተፈጠረው ሁለተኛው ደረጃ ሲላቀቅ ነው። የመሣሪያዎቹ ወለል ለአፍታ ሲንቀጠቀጥ የፍጥነት ለውጥ የሚለኩት አክስለሮሜትሮች ከልካቸው አለፉ፣ ብልሽት ፈላጊው ሶፍትዌርም ሴንሰሮቹ ተበላሽተዋል ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ሮኬቱ በአደጋ ጊዜ አሠራር እየተመራ ሳተላይቶቹን በ356 ኪሎ ሜትር ክብ ምህዋር ፋንታ ዝቅተኛ ጫፉ 76 ኪሎ ሜትር በሆነ ሞላላ ምህዋር ላይ ለቀቃቸው። በዚያ ከፍታ አየሩ ሳተላይትን ጎትቶ ስለሚያወርድ፣ ኢኦኤስ-02 የተሠራበትን ቅኝት ሳይጀምር ጠፋ። ለአፍታ ንዝረት ይህን ያህል የቸኮለ ሶፍትዌር፣ በእኔ ግምት፣ ከማንኛውም የሞተር ጉድለት የበለጠ ያሳስባል።

አዛዲሳት በ75 ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 750 ልጃገረዶች የተሳተፉባት ነበረች፤ በውስጧ የነበሩት 75 ትንንሽ መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው 50 ግራም ያህል ይመዝናሉ። የሙከራ ሳተላይትን በሙከራ ሮኬት ማስጫን ባለቤቱ አውቆ የገባበት ዕዳ ነው፤ የተማሪዎቹ ሥራ ግን ሁለተኛውን በረራ ቢጠብቅ ይሻል ነበር።

በወቅቱ የድርጅቱ ሊቀመንበር የነበሩት ኤስ. ሶማናት በቀጥታ ሥርጭት በመጨረሻው ምዕራፍ መረጃ መቋረጡን ተናገሩ፤ ሳተላይቶቹ ከእንግዲህ እንደማያገለግሉም በዚያው ቀን ይፋ ሆነ። ቀጥሎ የአደጋው መንስኤ ተገለጸ፣ ደረጃዎቹ የሚላቀቁበት ዘዴ ንዝረቱ በሚቀንስበት ሌላ ተተካ፣ የሶፍትዌሩም አሠራር ተስተካከለ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2023 የተካሄደው ሁለተኛ በረራ ኢኦኤስ-07ን፣ ጃነስ-1ንና ለተማሪዎቹ ምትክ የሆነችውን አዛዲሳት-2ን 450 ኪሎ ሜትር ላይ በትክክል አድርሷል።

ለመጀመሪያው በረራ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ፤ አንዱ ለሞተሮቹ፣ ሌላው ድርጅቱ ጥፋቱን ሳይሸፋፍን ለመናገሩ ነው።