«ሳይኮሎጂስት ነኝ» ካላችሁ ሰው ጋር ከመቀመጣችሁ በፊት፦ የካሊፎርኒያን የላይሰንስ መፈለጊያ ሞከርኩት

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ነጻ አገልግሎት ነው። የካሊፎርኒያ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ዲሲኤ የሚባለው፣ ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠው የላይሰንስ፣ ማለትም የሙያ ፈቃድ፣ መፈለጊያ አለ። ከፀጉር ሠሪ እስከ ሳይኮሎጂስት፣ በዚህ ስቴት ላይሰንስ የሚጠየቅበት ብዙ ሙያ እዚያ ውስጥ ይገኛል። ገንዘብ አይጠይቅም። አካውንት ክፈቱም አይልም። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ እኔ ግን ያቺን አምስት ደቂቃ ስላላጠፋሁ እናቴ ተጎዳች።

አባቴ ካረፈ በኋላ ነው እናቴን ከአዲስ አበባ ወደ ሎስ አንጀለስ ያመጣኋት። እንቅልፍ እምቢ አላት። ሌሊት ተነስታ ሳሎን ትቀመጣለች፣ መብራት እንኳን አታበራም። እንግሊዝኛ አትችልም፣ በልጇ አስተርጓሚነት ደግሞ ስለ ባሏ ሞት ማን ያወራል? አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ሳፈላልግ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና ስንጠጣ አንዲት የማከብራት ሴት ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ቢዝነስ ካርዱ ላይ «ሳይኮሎጂስት» ይላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በቪዲዮ፣ 100 ዶላር በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው። እናቴ ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትጠብቀዋለች። «ዶክተር» ትለዋለች። አንድም ቀን «ዶክተር አይደለሁም» አላላትም።

በሰባተኛው ሳምንት ለቅሶ ቤት ሄደች። የማታውቃት ሴትዮ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ለማጽናናት ብላ፣ እናቴ ለዚያ ሰው ብቻ የነገረችውን ነገር መልሳ ነገረቻት። እናቴ እህል ሳትቀምስ ቤት ገባች። «ልጄ፣ ያ ሰውዬ እውነት ዶክተር ነው?» አለችኝ።

ገጹን የከፈትኩት ያን ማታ ነው። እያንዳንዱን ሙያ የሚቆጣጠር ቦርድ አለ፤ ከቦርዶቹ ዝርዝር የሳይኮሎጂ ቦርድን ትመርጣላችሁ፣ ስም ወይም የላይሰንስ ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ በቃ። ሰውዬው ላይሰንስ ካለው ቁጥሩ ይወጣል፣ የሚያበቃበት ቀን ይወጣል፣ አሁን የሚሠራ ይሁን ጊዜው ያለፈበት ወይም የተሰረዘ ይታያል፣ ቦርዱ ቀጥቶት ከሆነም ይታያል። የእኛ ሰውዬ ስም አልወጣም።

እዚህ ላይ ለሐበሻ ብቻ የምትሆን ምክር አለችኝ። ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም፤ ፀሐይ የሚለው ስም ብቻ በስንት መንገድ እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ሲገባ ደግሞ የአንዱ «ላስት ኔም» የአባቱ ነው፣ የሌላው የአያቱ። ስለዚህ ስም አልወጣም ብላችሁ ወዲያው ሰው እንዳትጠረጥሩ። ቁጥሩን ጠይቁት። ላይሰንስ ያለው ሰው ቁጥሩን ለመስጠት አያቅማማም። እኔም «የላይሰንስ ቁጥርዎን ቢልኩልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ «እኔ አገር ቤት በሳይኮሎጂ በዲግሪ ተመርቄያለሁ» የሚል ነበር።

ዲግሪው እውነት ሊሆን ይችላል። አገር ቤት በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ሰው «የሥነ ልቦና ባለሙያ» ብለን እንጠራዋለን፣ ማንም አይገረምም። ካሊፎርኒያ ግን ሌላ ነው። እዚህ ሳይኮሎጂስት የሚባለው የዶክትሬት ዲግሪ ያለው፣ 3,000 ሰዓት በሌላ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር የሠራ፣ አገር አቀፉን ፈተናና የስቴቱን የሕግ ፈተና ያለፈ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ጨርሶም በየሁለት ዓመቱ ላይሰንሱን ሲያድስ የ36 ሰዓት ትምህርት ይጠየቃል።

ሕጉን ራሱን አነበብኩት፣ የካሊፎርኒያ የቢዝነስና የሙያዎች ሕግ አንቀጽ 2903 ነው። ላይሰንስ የሌለው ሰው ሥራውን መሥራት አይችልም፣ ሳይኮሎጂስት ነኝ ማለትም አይችልም። ሥራው ምንድነው ለሚለው ትርጉሙ ሰፊ ነው፤ የሥነ ልቦና መርሆችንና ዘዴዎችን ተጠቅሞ የሰውን ባህርይ ለመረዳት፣ ለመተንበይና ለመለወጥ የሚሰጥ አገልግሎት ሁሉ ይገባበታል፣ የምክርና የሳይኮቴራፒ (በንግግር የማከም) ሥራ፣ ሂፕኖሲስ፣ የአእምሮ ችሎታና የጠባይ ፈተና ማዘጋጀትና ውጤቱን መተርጎም ሳይቀር። መድኃኒት ማዘዝ ግን አይገባበትም፤ ያ የሳይካትሪስት ነው፣ ሳይካትሪስት ሐኪም ነው። ይህን ሕግ መጣስ በወንጀል ያስከስሳል፣ እስከ 6 ወር እስራት ወይም እስከ 2,000 ዶላር ቅጣት፣ ወይም ሁለቱም።

የንስሐ አባትስ? ብላ እናቴ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሕጉ የሃይማኖት አባቶችን አይነካም፣ በአገልግሎታቸው ውስጥ ቢመክሩ ማንም አይከለክላቸውም። ብቻ ሳይኮሎጂስት ነኝ እንዳይሉ ነው።

የሚስጥሩ ጉዳይ ነው እኔን በጣም ያናደደኝ። ላይሰንስ ያለው ሰው የሰማውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ገደብ የለውም ማለት አይደለም፤ ሕፃን ላይ ጥቃት ካለ ማሳወቅ አለበት፣ ደንበኛው ሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ ለማድረስ ከዛተም ያንን ሰው የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት፣ ይህም በፈረንጆች 1976 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታራሶፍ በሚባለው ክስ ላይ ከሰጠው ውሳኔ የመጣ ነው። የባልቴት ኀዘን ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ላይሰንስ ያለው ሰው እንዲህ ቢያደርግ የሚያጣው ነገር አለ፣ ቦርዱ ላይሰንሱን ሊነጥቀው ይችላል። የእኛ ሰውዬ ምን ይነጠቃል?

ሌላም ነገር ተማርኩ። ሥራውን በሕጋዊ መንገድ የሚሠራው ሳይኮሎጂስት ብቻ አይደለም። ላይሰንስ ያላቸው ክሊኒካል ሶሻል ወርከሮች (የሥነ ልቦና ሕክምና የሚሰጡ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች)፣ የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስቶችም አሉ፣ የእነሱ ቦርድ ሌላ ነው፤ መፈለጊያው ግን ያው ነው፣ ቦርዱን ብቻ መቀየር። አንድን ሰው የሳይኮሎጂ ቦርድ ውስጥ ስላጣችሁት ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። ገና በቁጥጥር ሥር ሆነው የሚሠሩም አሉ፣ እነሱም ተመዝግበው ይገኛሉ፣ ሥራ ሳይጀምሩም ላይሰንስ እንደሌላቸውና በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር እንደሆኑ ሊነግሯችሁ ይገባል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ቁጭ ብሎ በቪዲዮ የሚሠራ ሳይኮሎጂስት ካገኛችሁ ደግሞ፣ የዚያ ስቴት ላይሰንስ ካሊፎርኒያ ላለ ደንበኛ የሚያሠራው በዓመት እስከ 30 ቀን ብቻ ነው።

አገልግሎቱን ከ5 ኮከብ 5 ሰጥቼዋለሁ። የሚነግራችሁ ግን ሰውዬው ላይሰንስ አለው የለውም የሚለውን ነው። ጥሩ አድማጭ ነው ወይ፣ ለቅሷችንን፣ አርባና ሙት ዓመታችንን ያውቃል ወይ፣ ያንን አይነግራችሁም። ያን ቁጭ ብሎ ማየት ነው። እኛ ሁለት ሰው ሞክረን ሦስተኛዋ ላይ አረፍን፣ አማርኛ የምትናገር ሶሻል ወርከር ናት፣ ቁጥሯን የላከችልኝ ገና ሳልጠይቃት ነው። አማርኛ የሚናገር ያጣ ሰው ደግሞ፣ ሜዲ-ካል የሚባለው የካሊፎርኒያ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ካለው፣ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለው፣ ይጠይቅ።

ሰውዬውን ለቦርዱ ከስሰነዋል። ቦርዱ ላይሰንስ በሌላቸው ሰዎች ላይም ቅሬታ ይቀበላል፣ ፎርሙ ኢንተርኔት ላይ ይሞላል። እኔ «ይቅር፣ ስምሽ አይነሳ» ብዬ ነበር። እናቴ ናት «ነገ ሌላዋ ትቀመጥለታለች» ብላ ያስሞላችኝ። መልስ እየጠበቅን ነው፣ ሲመጣ እዚሁ እጨምራለሁ።