ኮምፒውተራችሁ መንገድ የሚወጣ ከሆነ የትኛው ኩለር ይሻላል?

ኩለር ማለት የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር (ዋናውን አስሊ ክፍል) የሚያቀዘቅዘው ዕቃ ነው። ሊገዛው የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሙቀቱ ነው። ስንት ዲግሪ ያወርዳል? ድምፁስ ይሰማል ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከሱ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ፦ ኮምፒውተሩ ከቤት ይወጣል ወይ? በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ፣ ሠርግ ቀርጾ እዚያው ሐዋሳ ወይ ደሴ ላይ ኤዲት አድርጎ የሚያስረክብ ልጅ፣ ከዱባይ ወይ ከዋሽንግተን ኮምፒውተር ይዞ የሚገባ ዘመድ፣ እነዚህ ሰዎች የሚገዙት ኩለር ከጠረጴዛው ንቅንቅ ለማይል ኮምፒውተር ከሚገዛው ጋር አንድ መሆን የለበትም።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሬን ይዤ ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ ሄድኩ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በካርቶን አሽጌው፣ ዙሪያውን በጋቢ ጠቅልዬው ነበር። ረዳቱም አደራዬን ሰምቶ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ቀጥ አድርጎ አቆመልኝ። ስንደርስ ካርቶኑ ጭረት እንኳ አልነበረውም። ቤት ገብቼ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ጎን ስከፍተው ግን ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ኩለር ተነቅሎ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ተጋድሟል፣ ፕሮሰሰሩንም ከሶኬቱ መንጥቆ ይዞት ወጥቷል፣ ፒኖቹ ተጣመዋል። ግራፊክስ ካርዱ ተረፈ። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ፣ አልተረፈም። ማንም አልጣለውም እኮ። ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው የጎዳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬዙ ሲቆም ማዘርቦርዱ እንደ ግድግዳ ይሆናል። ኩለሩ ደግሞ ግድግዳው ላይ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የያዙት ጥቂት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ችግር የለውም፣ ዓመታት ይቀመጣል። መንገድ ላይ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ ብሬከር ክብደቱን ያበዛዋል። 1.3 ኪሎ የነበረው ኩለር በሦስት እጥፍ ሲናጥ ብሎኖቹ የሚሰማቸው 4 ኪሎ ገደማ ነው። ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ደግሞ እንደ ዲጂኖ ይፈነቅላል። ይሄ አንዴ ቢሆን ምንም አይደል፣ ግን ሰባትና ስምንት ሰዓት ሙሉ ነው የሚደጋገመው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ትልልቆቹን ባለ ሁለት ማማ ኩለሮች (ማማ የምለው የተደራረበውን የብረት ክንፍ ነው) ላስቀድም፣ ምክንያቱም ሰው በጣም የሚመኘው እነሱን ነው። ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ከሁለት ፋኖቹ ጋር 1,320 ግራም ይመዝናል። በ2024 የወጣው ተተኪው ጂ2 ደግሞ 1,525 ግራም ደርሷል። ዲፕኩል ኤኬ620 1,456 ግራም ነው። በሥራቸው አልከራከርም፣ ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ከባድ ፕሮሰሰር ይችላሉ፣ ፋን ቢበላሽ ፋኑን ብቻ ቀይሮ መቀጠል ነው። ግን ኖክቱዋ ራሱ ከ700 ግራም በላይ የሆነ ኩለር ከጉዞ በፊት እንዲነቀል፣ ካልሆነም ማዘርቦርዱ ተኝቶ እንዲጓዝ ይመክራል። አምራቹ እንዲህ ካለ እኛ ምን እንጨምራለን? ይህን ዓይነት የምትገዙ ከሆነ በተጓዛችሁ ቁጥር ካቻቢቴ ለማንሳት፣ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሐል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ጠርጎ እንደገና ለመቀባት ፈቃደኛ መሆን አለባችሁ። በዓመት አንዴ ከሆነ ምንም አይደለም። በወር ሁለቴ ከሆነ ግን ሦስተኛው ላይ ትሰለቻላችሁ፣ "ዛሬን እንዲሁ ይሂድ" ትላላችሁ፣ ጉዳቱም የሚመጣው ያኔ ነው።

ባለ አንድ ማማዎቹ ለኔ የመንገድ ሰው ምርጫ ናቸው። ኖክቱዋ ኤንኤች-ዩ12ኤስ ከፋኑ ጋር 755 ግራም ነው፣ ፋኑ በሽቦ መቆለፊያ ስለሚያዝ ያለ ካቻቢቴ ይወጣል፣ ያኔ 580 ግራም ብቻ ይቀራል። ዲፕኩል ኤኬ400 661 ግራም ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። ከትልልቆቹ ጋር ሲነጻጸሩ ክብደታቸው ግማሽ ያህል ነው። በጣም ከባድ ሥራ ላይ ፕሮሰሰሩ ከትልልቆቹ ጋር ካለው ጥቂት ዲግሪ ይበልጥ ይሞቃል፣ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ኤዲት ለሚያደርግ፣ ጌም ለሚጫወት አብዛኛው ሰው ልዩነቱ በእጅ የሚዳሰስ አይደለም። ኬዙን አስተኝታችሁ ከወሰዳችሁት እነዚህን ሳትነቅሉ መጓዝ ትችላላችሁ።

ውኃ የሚጠቀመውን ኩለር ብዙ ሰው ይፈራዋል። በመንገድ በኩል ግን ጥሩ ጎን አለው። ከባዱ ክፍል ራዲያተሩ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚታሰረው በኬዙ ብረት ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው አነስ ያለው ፓምፕ ነው፣ አጭር ስለሆነም አይፈነቅልም። ስለዚህ ፕሮሰሰራችሁ የግድ ብዙ ኃይል የሚበላ ከሆነና የግድ የምትጓዙ ከሆነ፣ ባለ 240 ወይም ባለ 360 ሚሊ ሜትር ራዲያተር ያለው የተዘጋ (ውኃው ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣ) ኩለር ከትልቁ ባለ ሁለት ማማ ይልቅ መንገድ ይችላል። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ፓምፑ አንድ ቀን ይሞታል፣ ሲሞት ሙሉ ኩለሩን መቀየር ነው። ዋስትና ቢኖረው እንኳ ከኛ አገር ሆኖ ወደ ውጭ መልሶ መላክ ቀላል አይደለም። ክፍለ ሀገር ላይ ሥራ ይዛችሁ ሳለ ቢቆም የምትተኩበት አታገኙም። የማማ ኩለር ፋን ቢሞት ግን 120 ሚሊ ሜትር ፋን ከአንዱ ሱቅ አይጠፋም።

አጫጭሮቹ ኩለሮች ለጉዞ ተወዳዳሪ የላቸውም። ኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል9አይ ቁመቱ 37 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 420 ግራም ነው። ኤንኤች-ኤል12ኤስ 70 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከሱ ይሻላል። ችግራቸው አቅማቸው ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች አንድ ነገር ማሰብ አለብን፦ ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሳሳ ያለ አየር ደግሞ ሙቀት የሚሸከመው ያነሰ ነው። ይህ የውኃውንም ራዲያተር ጨምሮ ሁሉንም ኩለር ይነካል፣ ግን ቀድሞውኑ አቅሙ ጠበብ ያለውን አጭር ኩለር ይበልጥ ይሰማዋል። በውጭ አገር ሙከራ "ልክ ልኩን ቻለው" የተባለ አጭር ኩለር እዚህ ላይበቃ ይችላል።

ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር በካርቶኑ የሚመጣውን ኩለር ደግሞ ቀላል ስለሆነ ብቻ አትመኑት። በአራት የፕላስቲክ እግር ተጭኖ የሚያዝ ነው፣ በመንገድ መናጥ አንዱ እግር ሊላቀቅ ይችላል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ይነሳና ሙቀቱ በአንዴ ያሻቅባል። ስለዚህ ስትገዙ ግራሙን ብቻ አትዩ። ከማዘርቦርዱ ጀርባ የብረት ሰሌዳ አለው ወይ? በብሎን ነው የሚታሰረው? ይህን ጠይቁ።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድታስቡበት የምፈልገውን ልንገራችሁ። የኩለሩን ክብደት የሚወስነው ፕሮሰሰሩ ነው። የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የሆኑት ራይዘን 9 7900 እና ራይዘን 9 7900ኤክስ ሁለቱም 12 ኮር አላቸው። የመጀመሪያው የተመደበለት 65 ዋት ነው፣ ሁለተኛው 170 ዋት። ከፍተኛ ፍጥነታቸው 5.4 እና 5.6 ጊጋ ኸርትዝ ነው። ለዚያች ትንሽ ልዩነት ብሎ ነው እንግዲህ ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ብረት ተሸክሞ ደሴ የሚወጣው። የኢንቴሉ ኮር አይ9-14900ኬ ደግሞ ሥራ ሲበዛበት እስከ 253 ዋት ይሄዳል፣ ለሱ አንድ ማማ አይበቃም። የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ባለ 65 ዋቱን ግዙ። ከዚያ ባለ አንድ ማማ ኩለር ይበቃችኋል፣ የመንገዱም ጭንቀት ግማሹ እዚያው ሱቅ ውስጥ ያልቃል።

የማጓጓዣውን ዘዴም እንደዚሁ እናወዳድር። በራሳችሁ መኪና ከሆነ ቀላል ነው፦ ኬዙን የኋላ ወንበር ላይ ወፍራም ስፖንጅ አንጥፋችሁ አስተኙት፣ መስታወቱ ወደ ላይ፣ የማዘርቦርዱ ጎን ወደ ታች። ያኔ ኩለሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክብደቱም ብሎኖቹን ከመጎተት ይልቅ ወደ ታች ይጫናል። በሚኒባስም ቢሆን ጭናችሁ ላይ አስተኝታችሁ መያዝ ይቻላል፣ ፖርቶመጋላ ላይ ግን በጭራሽ አይውጣ። በአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ከሆነ የኔ አቋም የጸና ነው፦ ከ700 ግራም በላይ የሆነ ኩለር ይነቀል። እናንተ አስተኝታችሁ ብትጭኑት እንኳ መሐል ላይ አንዱ ሻንጣውን ሲያወርድ ኬዙ አቅጣጫ ይቀይራል፣ እናንተ ደግሞ ላይ ተቀምጣችኋል። ግራፊክስ ካርዱም ከባድ ከሆነ አውጥታችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት።

በአውሮፕላን ለሚመጣ ምክሬ ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር አታምጡ የሚል ነው። ክፍሎቹን በየካርቶናቸው አምጥታችሁ እዚህ አስገጣጥሙ። የግድ ተገጣጥሞ መምጣት ካለበት ሚዛኑን አስቡ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ በአብዛኛው ለአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ፣ በእጅ ለሚያዘው 7 ኪሎ ነው የሚፈቅደው። እንደ ፍራክታል ቴራ ያለ ትንሽ ኬዝ በመጠኑ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ የሚቀበለው ኩለር ግን እስከ 77 ሚሊ ሜትር ድረስ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወደ አጫጭሮቹ መመለስ ነው።

ስለ መንቀል አንድ ነገር። ፕሮሰሰራችሁ ኤኤም4 (የኤኤምዲ የቀድሞው የሶኬት ዓይነት፣ ተከታዩ ኤኤም5 ነው) ከሆነ፣ ፒኖቹ ያሉት ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። የደረቀ ፔስት እንደ ሙጫ ይይዘዋል፣ ኩለሩን ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ሶኬቱ ተቆልፎም ቢሆን ፕሮሰሰሩ አብሮ ሊወጣ ይችላል። ኮምፒውተሩን 10 ደቂቃ ያህል አሠሩት፣ ፔስቱ ይሙቅ። ከዚያ አጥፉት፣ የመብራት ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ብሎኖቹን ፍቱ፣ ኩለሩን ቀስ ብላችሁ ግራና ቀኝ ጠምዝዙት፣ ሲላቀቅ ብቻ ወደ ላይ አንሱት። በኤኤም5 እና በኢንቴል ላይ ፕሮሰሰሩ በብረት ክዳን ስለሚያዝ ይህ ስጋት የለም።

መንቀል ካልቻላችሁ ደግሞ ከኩለሩ ሥር እስከ ግራፊክስ ካርዱ ያለውን ክፍተት፣ በጎኑም እስከ መስታወቱ ያለውን በንጹሕ ወረቀት ወይም የማዘርቦርድ ካርቶን ውስጥ በሚመጣው ስፖንጅ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ሙሉት። ፌስታል አትጠቀሙ፣ ስታቲክ ይፈጥራል። ሞልታችሁ ስትጨርሱ በትልቁ ጻፉና የማብሪያው ቁልፍ ላይ በስኮች ለጥፉት፦ "ውስጡ ሳይወጣ እንዳይበራ"። ስትደርሱ ጎኑን ክፈቱ፣ የሞላችሁትን አውጡ፣ ኩለሩን በሁለት ጣት ነካ አድርጋችሁ የሚወዛወዝ መሆኑን እዩ፣ ኬዙን ዘንበል ስታደርጉት የወደቀ ብሎን ድምፅ ካለ ፈልጉት። ከዚያ አብሩትና መጀመሪያ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ለአምስት ደቂቃ ተከታተሉት፤ ያለ ሥራ እየጨመረ ከሄደ አጥፉና ኩለሩን እንደገና እሰሩት።