ለኤም ኤስ ታማሚዎች በቪዲዮ የመውደቅ መከላከያ ልምምድ ለምትሰጠው የጎንደሯ ፊዚዮቴራፒስት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጎንደርና አካባቢዋ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤም ኤስ፣ የተባለው የአንጎልና የአከርካሪ ነርቮችን ሽፋን የሚጎዳ ሕመም ያለበትን ሰው ለምታስታምሙ ሁሉ። በቴሌግራም ቪዲዮ የሚዛንና የእርምጃ ልምምድ የምትሰጠውን እኅታችንን ከልብ እናመሰግናለን። «ስሜ አይጻፍ» ስላለች ትተነዋል፤ ሥራዋን ግን በዝርዝር እንናገራለን።

በዚህ ሕመም እግር ይከብዳል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ ዓይን ይደበዝዛል፣ ሽንት ያጣድፋል። መውደቅ ከእነዚህ ሁሉ ተደማምሮ ስለሚመጣ «እግርህን አጠንክር» የሚለው ምክር ብቻውን ሩቅ አይወስድም። እሷ መጀመሪያ የምትጠይቀው የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ጫማ፣ ምን ተይዞ እንደተወደቀ ነው። ከዚያ ካሜራው ቤቱን ይዞራል፤ ሰበቡም ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል፦ ከፍ ያለ የበር ደፍ፣ ተረከዝ የማይዝ ነጠላ ጫማ፣ ለቡና የተጎዘጎዘ እርጥብ ቄጤማ።

ሙቀትን አጥብቃ ትከታተላለች። የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ብቻ ሲጨምር ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ ሊያቅተው ይችላል። እንጀራ ጋግረው ከምጣድ ሲነሱ ጉልበት የሚከዳው ለዚህ ነው፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ስለዚህ ልምምዱ ጠዋት፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ተጠጥቶ ይጀመራል።

ስልኩ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቆ፣ ከራስ እስከ እግር ጣት እንዲያሳይ ይቀመጣል። ታማሚው ጀርባውን ለግድግዳው ማዕዘን ሰጥቶ ከፊቱ ከባድ የእንጨት ወንበር ያደርጋል፤ የፕላስቲኩ ሲደገፉት ይገለበጣል። እግር ገጥሞ መቆም በ10 ሰከንድ ተጀምሮ እስከ 30 ያድጋል። ቀጥሎ አንዱን እግር ግማሽ ወደፊት ማስቀደም፣ ከዚያ ተረከዝን ከሌላው እግር ጣት ማገጣጠም፣ ከዚያም ራስን ቀኝና ግራ ማዞር። ዓይን የሚጨፈነው ሰው አጠገብ ካለ ብቻ ነው። ከወንበር 5 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ ድጋሚ 5። በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለጀማሪ አይሆንም። የእግር ጣት መሬት መጎተት ከጀመረ ልምምዱ በዚያው ያበቃል፤ «አንዴ ብቻ ልጨምር» ማለት አይሠራም።

ሲዞሩ በአንድ እግር መሽከርከር ቀርቶ በአጫጭር እርምጃ ሰፋ አድርጎ መዞር ይሻላል፤ እስኪዞሩም ወሬ ማቆም። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲዞር ወይም እያወራ ሲሄድ ነው።

ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ኮብልስቶኑም በክረምት ያሙለጨልጫል። ምርኩዝ ጫማ ተደርጎ፣ እጅ ተንጠልጥሎ እስከ አንጓ ይለካል፤ ከደከመው እግር ተቃራኒ ባለው እጅ ይያዛል። ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ካለቀ ይቀየር። ደረጃ ሲወጡ ጠንካራው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የደከመው። ባጃጅ ላይ ደግሞ መጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮች ማስገባት።

ሽንት ቤት እየሮጡ መውደቅን ለማስቀረት መፍትሔው ውሃ መቀነስ አይደለም፤ ሳያጣድፍ በየ2 እና 3 ሰዓቱ መሄድ ነው። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ትራስ ሥር ይደር።

ለወደቀ ሰው ብብቱን ይዞ መጎተት ትከለክላለች። ጉዳት አለመኖሩ ከታየ በኋላ ወደ ጎን ተገልብጦ፣ በአራት እግር ወደ ወንበር ድኾ፣ ጠንካራውን እግር አስቀድሞ ራሱ ይነሳል።

በቪዲዮ የጡንቻ ግትርነት አይዳሰስም፤ ስለዚህ ከመጀመሯ በፊት አንድ ጊዜ በአካል መመርመርን ትጠይቃለች። ኔትወርክ ከተቆራረጠ የቁም ልምምዱን ትሰርዛለች፤ እኛ ከሁሉ በላይ ያከበርንላት ይህን ነው። አዲስ ድካም ወይም የዓይን ብዥታ ከ24 ሰዓት ካለፈ፣ ወይም ትኩሳት ካለ፣ ልምምድ የለም፤ ወደ ሐኪም ትልካለች።

እኅታችን፣ እጅሽ ይባረክ! የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ ከመልእክቱ ጋር ከመኝታ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮና አዘውትሮ የሚደረገውን ጫማ ፎቶ ላኩ፤ በልምምዱ ሰዓት አጠገብ የሚሆነው ማን እንደሆነም ጨምሩበት።