ብቅላችሁን እዚያው አስፈጭታችሁ የምትገዙ ሁሉ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድልኝ ነው። ትናንት ሁለት ጋን የጠላ ድፍድፍ ጓሮ ደፍቻለሁ። ጌሾው፣ ገብሱ፣ እንጨቱ፣ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት ሁሉ አብሮ ፈሰሰ። ምክንያቱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብቅል ብለው የሸጡልኝ ዱቄት ብቅል አልነበረም።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ከፊት ብቅሉ፣ ጌሾው፣ በርበሬው፣ ሽሮው በየጆንያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል። ከኋላ የቆርቆሮ በር አለ፤ ከበሩ ጀርባ ወፍጮ ይጮኻል። ባለቤቱ ሚዛኑ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሁለት ሦስት ልጆች ይላላካሉ። «መርጠው ያስመዝኑ፣ እዚሁ በነጻ ፈጭተን እንሰጥዎታለን» ይላሉ። ሸክም ይዞ ወፍጮ ቤት ፍለጋ ከመንከራተት ስለሚያድን ሁላችንም ደስ ብሎን እንቀበለዋለን። የሱቁን ስም የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። ይህን ሥራ የሚሠራው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ከደረሰባቸው ሰዎች ስለሰማሁ፣ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ነጻ ማውጣት ስለማልፈልግ ነው።

ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም ማኅበር ተራው የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ተራዬ ሲደርስ የምትጠምቅልኝ አክስቴ ነበረች። ዘንድሮ ጉልበቷ ደከመ፤ እኔም በራሴ ቤት፣ በራሴ ዕቃ ለመጥመቅ ተነሣሁ። አሮጌ የብረት በርሜል ለሁለት አስቆርጬ ምድጃ አሠራሁበት፤ እንኩሮው፣ ማለትም ለጠላው የሚታመሰው የእህል ዱቄት፣ የሚበስልበት ብረት ምጣድ ልክክ ብሎ ያርፍበታል። ጋኖቹን በግራዋ ቅጠል አሽቼ አጠብኩ፣ በወይራ ደጋግሜ አጠንኩ። የጌሾውን ቅጠልና እንጨት ለያይቼ፣ አድርቄ፣ ወቅጬ አዘጋጀሁ። ገብሱን ለቅሜ ቆላሁ። ሁሉም አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ እንዳዘዘችኝ ነው። ይህን የምዘረዝረው በኋላ ሱቁ ውስጥ «ጋንሽን አላጠብሽው ይሆናል» ለተባልኩት መልስ እንዲሆን ነው።

ገና መጥመቅ የምትጀምሩ ካላችሁ፣ ብቅል ለመልክና ለጣዕም ብቻ የሚገባ አይምሰላችሁ። ገብስ ርሶ ሲያጎነቁል ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም በውስጡ ይፈጠራል። እርሾው ደግሞ የሚበላው ያንን ስኳር ነው። በቅሎ የደረቀው እህል ራሱ በኃይለኛ እሳት ቢቆላ ኢንዛይሙ ይሞታል፤ እናቶቻችን ብቅልን በፀሐይ የሚያደርቁት በከንቱ አይደለም። ያልበቀለ ገብስና በቆሎ ቆልታችሁ ብትፈጩ መልኩ ብቅል ይመስላል፤ ጋን ውስጥ ሲገባ ግን ያው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የብቅሉን ዱቄት የለወጠ ሰው የሰረቀኝ የብቅሉን ዋጋ ብቻ አይደለም። ከብቅሉ ጋር የገባውን ገብስ፣ ጌሾ፣ ውሃና ድካም በሙሉ ሰርቆኛል።

አሁን ወደዚያች ሰዓት ልመለስ፤ ከአእምሮዬ አልወጣ ብላኛለችና። ብቅሉን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከጆንያው ዘግኜ መዳፌ ላይ በተንኩት፤ ጎንቆሉ ደርቆ ከፍሬው ጋር ተያይዟል። ሁለት ሦስት ፍሬ ስነክስ በቀላሉ ተሰባበረ፣ ጣፋጭነቱም ምላሴ ላይ ቀረ። ያማረ ብቅል ነበር፤ ይህን አሁንም አልክድም። 8 ኪሎ አስመዘንኩ። ባለቤቱ «እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» ብሎ በርጩማ አስመጣልኝ። ስለ ማኅበሩ ጠየቀኝ፤ «ጽዮን ታግዝዎት» ብሎ መረቀኝ። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት።

አንዱ ልጅ የተመዘነውን ብቅል አንሥቶ ወደ ኋላ ይዞት ሲገባ እኔም ተነሥቼ ተከተልኩት። እህሌ ሲፈጭ ቆሞ ማየት ልማዴ ነው። ልጁ የቆርቆሮው በር ላይ ሲደርስ ዞረና በትከሻው መንገዱን ዘጋብኝ። «በርበሬ እየተፈጨ ነው፣ ዓይንዎን ያቃጥልዎታል» አለኝ። ባለቤቱም ከተቀመጠበት «ልብስዎ ይበላሻል እትዬ፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅ» ብሎ አከለበት። በሩ ተዘጋ። የበርበሬ ሽታ ግን አልነበረም። በርበሬ የሚፈጭበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ የማያስነጥስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቆሜ ጠበቅሁ። ወፍጮው ልጁ ከመግባቱ በፊትም ይጮህ ነበር፤ ከገባ በኋላም ያው ነው። ወፍጮ ቤት ደጅ የጠበቀ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው እህል ሲገባበት ድምፁ ይከብዳል፣ እህሉ ሲያልቅ ይቀጥናል። የዚያ ቀን ወፍጮ አልከበደም፣ አልቀጠነምም። ብዙም ሳይቆይ ልጁ አፉ የተሰፋ ማዳበሪያ ተሸክሞ ወጣና እግሬ ሥር አኖረው። እጄን አሳረፍኩበት። ቀዝቃዛ ነው። አሁን ከወፍጮ የወጣ ዱቄት እጅ ያሞቃል፤ በማዳበሪያው ላይ እንኳን ሙቀቱ ይሰማል። ይህ ግን ሌሊቱን ሲሚንቶ ላይ ያደረ ዱቄት ነው።

«ምነው ቀዘቀዘ?» አልኩ። ልጁ ባለቤቱን አየው። ባለቤቱ ዓይኑን ከሚቆጥረው ብር ሳያነሣ «ወፍጮው አዲስ ነው፣ አያሞቅም» አለ። «እንግዲያው ይፈታልኝና ልየው» አልኩ። «ከተሰፋ በኋላ አንፈታም። ሰው ተሰልፏል፤ አንሺውና መንገድ ልቀቂ» አለኝ። ገንዘቡ መሳቢያው ውስጥ እስኪገባ ድረስ እትዬ ነበርኩ። ከኋላዬ የቆሙት ማጉረምረም ጀመሩ። ልጁ ማዳበሪያውን አንሥቶ ደጅ አውጥቶ አስቀመጠው፤ ተመልሶም ሚዛኑ አጠገብ ቆመ። ገንዘቤ በእነሱ እጅ፣ ብቅሌ ከበሩ ጀርባ፣ እኔ ከማላውቀው ዱቄት ጋር መንገድ ላይ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ጌሾው ከተዘፈዘፈ በኋላ ዱቄቱን ጨምሬ ጠነሰስኩ። በማግስቱ አረፋ መታየት፣ ጋኑ ላይ ጆሮ ሲሰጡም ውስጡ ሲንተከተክ መሰማት ነበረበት። ዝም አለ። የኅዳር ብርድ ነው ብለን ጋኖቹን በብርድ ልብስ ጠቀለልናቸው። እንኩሮውን ጨምሬ ደፈደፍኩት። ደህና ድፍድፍ እየፈላ፣ እየቀጠነ ነው የሚሄደው፤ የእኔ እንደ ወፈረ ተቀመጠ። በኋላም ላዩ ላይ ሻጋታ ጣለ። አክስቴ ምርኩዟን ይዛ መጣች፤ ከተረፈው ዱቄት ቆንጥራ አፏ ውስጥ አደረገች፣ አላመጠችና ተፋችው። «ይህ ብቅል አይደለም ልጄ። አሻሮ ፈጭተው ነው የሰጡሽ፤ በቆሎም አለበት» አለችኝ፤ አሻሮ የተቆላ እህል ነው። በወንፊት ነፋነው። ቢጫ የበቆሎ ስባሪ ወንፊቱ ላይ ቀረ። የጎንቆል ርዝራዥ ግን ፈልገን አጣን።

ዱቄቱንና የበቆሎውን ስባሪ ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ባለቤቱ አወቀኝ፤ እንዳላወቀኝ ሆነ። ነገሩን ስነግረው «ጠላ የሚበላሸው በስንት ነገር ነው! ጋንሽን አላጠብሽው ይሆናል» አለኝ። አጥቤ አጥኜዋለሁ አልኩት። «ጌሾሽ አሮጌ ይሆናል» አለ። የበቆሎውን ስባሪ ከወረቀቱ ፈትቼ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አየው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ ምን ቢል ጥሩ ነው፦ «ጠላ እጅ ይፈልጋል። እጅ የሌላት ሁሉ እየመጣች ብቅላችንን ትሰድባለች።» ልጆቹ ሳቁ። በር ላይ ያገደኝ ልጅ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ከገንዘቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው። ብቅሉን የወሰዱት እነሱ፣ ዱቄቱን የለወጡት እነሱ፤ ስድቡ ለእኔ እጅ። ጠላ እየጠመቁ ልጆች ያሳደጉ ስንት እናቶች ባሉበት አገር፣ ጋናቸው የከሸፈባቸው ሴቶች ስንቶቹ ይህን ተብለው አንገታቸውን ደፍተው እንደተመለሱ አስቡት። ቀጥሎ ደረሰኝ ጠየቀኝ፤ እሱ ራሱ ያልሰጠኝን ደረሰኝ! የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል ብዬ ስነግረው «እንግዲያው አዋጁ ይክፈልሽ» አለኝ።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዲት እናት ብቅል አስመዘኑ። ከዚያው ጆንያ ነው፤ ያ ያማረው፣ የሚጣፍጠው። እኔ ካስመዘንኩበት ቀን ጀምሮ የጎደለ አይመስልም። ነገሩ ያኔ ነው የተገለጠልኝ። ብቅሉ ከፊት ይመዘናል፣ ከኋላ ዞሮ ወደ ጆንያው ይመለሳል። ስንት ሰው ያንኑ ብቅል ቀምሶ ከፍሎበታል! ልጁ የእኚህን እናት ብቅል ሊያነሣ ጎንበስ ሲል «እማማ፣ ሲፈጭ ቆመው ካላዩ ገንዘብዎን አይስጡ» አልኳቸው። ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሣ። «ገበያዬን ልትዘጊ ነው የመጣሽው?» እያለ ክንዴን ይዞ ደጅ አወጣኝ። እማማ አንዴ እኔን፣ አንዴ የቆርቆሮውን በር አዩ፤ ከዚያ ብራቸውን መቀነታቸው ላይ መልሰው ቋጠሩና ተከትለውኝ ወጡ።

አሁን የራሴን ገብስ ዘፍዝፌ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬዋለሁ፤ ለ21 ግን አይደርስም። ማኅበርተኞቼ በተገዛ ጠላ ይስተናገዳሉ።

እናንተ ግን ብቅል በፍሬው ግዙና ሌላ ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ ዓይናችሁ እያየ አስፈጩ። የተፈጨ ለመግዛት ከተገደዳችሁ ጋን ከመንካቱ በፊት አንድ እፍኝ ውሰዱ፤ ጣት በማያስችል ነገር ግን ባልፈላ ውሃ፣ 65 ዲግሪ አካባቢ በሆነ፣ በጥብጣችሁ ሙቀቱ እንዳይወጣ ሸፍናችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት። ብቅል ከሆነ ይቀጥናል፣ ይጣፍጣል። ካልሆነ ወፍራም ሙቅ ሆኖ ይቀራል። ደረሰኝ አልሰጥም፣ ወይም ወፍጮው ጋ አትገቡም ካሏችሁ ሳትከፍሉ ውጡ።